ቬራክሪፕት፦ ፍላሼ ታክሲ ውስጥ ከቀረ በኋላ

የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ የአራት ትንንሽ ድርጅቶችን መዝገብ በትርፍ ሰዓቴ እይዛለሁ። አምና ከመገናኛ ወደ ሳሪስ ስሄድ ፍላሼ ታክሲ ውስጥ ቀረ። የሠላሳ ምናምን ሰው ፔሮል፣ የባንክ ሂሳብ ቁጥር፣ ስካን የተደረገ መታወቂያ፤ ሁሉም ያለ ምንም ቁልፍ። ያገኘው ሰው የዘፈን ፍላሽ መስሎት ሰክቶ ይከፍተዋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱን የሰማሁት በኋላ ነው። ያን ቀን ያስጨነቀኝ ግን የአንዲት ጽዳት ሠራተኛ ጥያቄ ነበር፦ «እና ደሞዜን ሰው ሁሉ ሊያየው ነው፣ እትዬ?»

ከዚያ ወዲህ ፋይል በይለፍ ቃል የሚቆልፍ ቬራክሪፕት የሚባል ፕሮግራም እጠቀማለሁ። ነፃ ነው፤ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይጠይቅም። በ2014 እ.ኤ.አ. ከተቋረጠው ትሩክሪፕት ከሚባል ተመሳሳይ ፕሮግራም የወጣ ነው። ፍላሹ ላይ አንድ ትልቅ ፋይል ትፈጥራላችሁ፤ የይለፍ ቃሉን ስታስገቡ እንደ ሌላ ድራይቭ ይከፈታል፣ ስትዘጉት ለማንም የማይነበብ ዝብርቅርቅ ነው።

ስትፈጥሩት ማውሱን መስኮቱ ላይ ወዲያ ወዲህ አድርጉ ይላችኋል፤ ከታች ያለው መስመር ከቀይ ወደ አረንጓዴ እስኪዞር። እንቅስቃሴው ፋይሉ የሚቆለፍበትን ቁልፍ እንዳይገመት ያደበላልቀዋል። ልጄ ጌም መስሏት ከእጄ ቀማችኝ፤ ቁልፌን ያደበላለቀችልኝ እሷ ናት። የይለፍ ቃሌ መጀመሪያ ስምንት ፊደል ነበር፤ ፕሮግራሙ ግን ከ20 ካነሰ አጭር ነው ብሎ ያስጠነቅቃል። አያቴ ቡና ስታፈላ የምትላትን አንዲት አባባል በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍኳት። አሁን ጣቴ ራሱ ያውቃታል።

የሚያናድድም አለው። «የይለፍ ቃል ረሳሁ» የሚባል ነገር የለም፤ ከረሳችሁ አለቀ። ፍላሹ ፋት32 በሚባለው የፋይል አያያዝ ፎርማት ከተደረገ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም፤ ይህ አንድ ከሰዓት በልቶብኛል። ከሁሉ የከፋው ግን ፕሮግራሙ ያልተጫነበት ዊንዶውስ ላይ ያለ አድሚን (የኮምፒውተሩ አስተዳዳሪ) ፈቃድ አለመሥራቱ ነው። ኮፒ ቤት ሄዳችሁ ከፍታችሁ ፕሪንት አታደርጉም። መልኩም ያረጀ ነው፤ እሱስ ግድ የለኝም።

የፋይሉን ሌላ ቅጂ እቤቴ አስቀምጫለሁ፤ ፍላሽ ራሱ ይበላሻላ።

አንዱ ደንበኛዬ ዛሬም «ፔሮሉን በቴሌግራም ጣይልኝ፣ ምን አስጨነቀሽ» ይለኛል። አልጥልለትም። ላፕቶፔን ይዤ እሄዳለሁ፤ ታክሲ ውስጥ ቦርሳዬን እንደ ሕፃን አቅፌ።