ኦሽን ሲቲ ላይ ዝናብ ለያዛችሁ፦ ለአንዲት የሙዚየም ሠራተኛ ምስጋና

ሰላም ወገን። ከዲሲ፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ ሰመር ሲመጣ ቤተሰቡን ጭኖ ወደ ሜሪላንዷ የባሕር ዳር ከተማ ወደ ኦሽን ሲቲ የሚወርደው ሐበሻ ብዙ ነው። ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ዋናው ጉዳዬ ግን ምስጋና ነው፤ ከቦርድዎኩ (ባሕሩን ተከትሎ ከተዘረጋው የእንጨት መሄጃ) ደቡባዊ ጫፍ፣ ኢንሌቱ (ባሕሩንና ወሽመጡን የሚያገናኘው የውሃ መተላለፊያ) አጠገብ ባለው ላይፍ ሴቪንግ ስቴሽን ሙዚየም ለሚሠሩ አንዲት እናት። ስማቸውን አልጽፍም። ፈቃድ አልጠየቅኳቸውም።

ኦሽን ሲቲ የሄደ ያውቀዋል። ነጎድጓድ ከመጣ የባሕር ዳር ጠባቂዎቹ ፊሽካ ይነፋሉ፣ ሰዉ ከውሃው ይወጣል። ድርድር የለም። ደግሞም ልክ ናቸው። ጭንቁ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የሄድነው ከእህቴ ቤተሰብ ጋር ነበር፣ እናቴም አለች። ይህ ሁሉ ሰው አንድ ኮንዶ ውስጥ! ልጆቹ ከሶፋ ሶፋ መዝለል ጀመሩ። ዋይፋዩ እንደ ነገሩ ነው። ከታች ያለው ጎረቤት ጣራውን በሆነ ነገር ቆርቆር አደረገልን። "ወደ ቤት እንመለስ" ያለም ነበር። ቤይ ብሪጅን፣ ያንን ረጅም ድልድይ፣ በዚያ ዝናብ፣ በዚያ ትራፊክ? የማይታሰብ።

"ሙዚየም እንሂድ" ሲባል ልጆቹ ፊታቸውን አጨማደዱ። እኔም ብዙ አልጠበቅኩም። ቤቱ ትልቅ አይደለም። በፈረንጆቹ 1891 ዓ.ም. የተሠራ የነፍስ አድን ጣቢያ ነበር። ማዕበል መርከብ ሲሰብር ጀልባ ይዘው የሚወጡት ሰዎች የሚያድሩበት ማለት ነው። በ1977 ቤቱ እንዳለ ተነስቶ አሁን ወዳለበት መጣና ሙዚየም ሆነ። ከውጭ ሲያዩት የሆነ ሰው መኖሪያ ቤት ነው የሚመስለው።

ገብተን ዣንጥላችንን ስናራግፍ እኚህ ሴት መጡ። መጀመሪያ ያዩት እናቴን ነው። ወንበር አመጡላት። ልጆቹን "ዝም በሉ"፣ "አትንኩ" አላሉም። ጎንበስ ብለው "ሰው ባሕር ላይ ሊሰጥም ነው፤ ጀልባም መድረስ አልቻለም፤ እንዴት ታወጡታላችሁ?" ብለው ጠየቋቸው። አለቀ። ከዚያ በኋላ ታብሌት ያስታወሰ ልጅ የለም።

የእህቴ ልጅ "ሄሊኮፕተር!" አለ። "በዚያ ዘመን ሄሊኮፕተር የለም" አሉት። አንዱ "ዋና የሚችል ሰው ይላክ" አለ። "ማዕበሉ እሱንም ይወስደዋል።" አላስቸኮሏቸውም፤ ልጆቹ መላ ሲያጡ ነው ያሳዩዋቸው። ከባሕሩ ዳር ሆነው በትንሽ መድፍ ገመድ ወደ መርከቡ ይተኩሳሉ። መርከበኞቹ ገመዱን ምሰሶ ላይ ያስሩታል። ከዚያ በገመዱ ላይ ተንሳፋፊ ቀለበት ይላካል፣ ቀለበቱ ላይ ደግሞ አጭር ሱሪ ተሰፍቷል! ሰውየው እግሩን ሱሪው ውስጥ ከትቶ፣ ከማዕበሉ በላይ እየተንጠለጠለ፣ አንድ በአንድ ወደ መሬት ይጎተታል። ልጆቹ በሱሪው ሳቁ። ሴትየዋም አብረው ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ሌሊት ነው፣ ብርድ ነው፣ ገመዱን የሚጎትቱት እጃቸው ደንዝዟል" ሲሉ ሁሉም ጸጥ አለ። እኔ እየተረጎምኩላት እናቴም እየሰማች ነበር። "ለሰው ነፍስ የሚወጣ እግዜር ነፍሱን ይማረው" አለች። ይህንንም ተርጉሜ ነገርኳቸው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አመሰገኗት።

እዚያ ቤት አንዲት ትልቅ አሻንጉሊት አለች። ድሮ ከተማው ውስጥ የነበረ የመዝናኛ ቤት በር ላይ ቆማ ሰው የምትጠራ፣ በሞተር የምትስቅ ሴት ናት። ሳቂታዋ ሳል ይሏታል። ስትስቅ ጉድ ነው። እናቴ "በስመ አብ!" ብላ አማተበች። ትንሿ ልጄ የአያቷ ነጠላ ውስጥ ገባች። እዚህ ላይ ነው ሴትየዋን የወደድኳቸው። "ምንም አይደለም፣ አሻንጉሊት ናት" ብለው አላለፏትም። ማስነሻ ቁልፉን አሳዩዋትና "አንቺ ካላዘዝሻት አትስቅም" አሏት። ልጄ ከነጠላው ውስጥ እጇን ብቻ አውጥታ ተጫነችው። ሳል ሳቀች። ልጄ ጠብቃ ደግማ ተጫነችው። በኋላማ ከዚያ ማላቀቅ አቃተን፤ ወረፋ የሚጠብቁ የሌላ ሰው ልጆች ነበሩ።

የኢንሌቱን ታሪክ የነገሩበት መንገድም አይረሳኝም። በነሐሴ 1933 ለቀናት የዘነበ ዝናብ ከከተማው በስተጀርባ ያለውን ወሽመጥ ሞላው፤ ማዕበሉም ተጨምሮበት መሬቱን ቆርጦ ወደ ባሕር ወጣ። ዛሬ ጀልባዎቹ የሚያልፉበት ውሃ ያኔ የተከፈተ ነው። ከዚያ በፊት ኦሽን ሲቲና የዱር ፈረሶቹ ያሉበት አሳቲግ አንድ መሬት ነበሩ። ሴትየዋ ሁለት መዳፋቸውን ገጥመው ያዙና የእህቴን ልጅ "አንተ ውሃው ነህ፣ ግባ" አሉት። በጣቱ ገፋ ገፋ አድርጎ መሐላቸው ገባ። "አሁን ይህን ክፍተት እንዳይዘጋ መሐንዲሶች በድንጋይ አጠሩት። ዓሣ አጥማጁም ወደብ አገኘ፣ ከተማውም ሀብታም ሆነ" አሉት። ልጁ ወደ መስኮቱ ዞሮ "እንግዲያው ዝናቡ ጥሩ ነው ማለት ነው?" አለ። ያን ቀን ይህን ጥያቄ ከእሱ እሰማለሁ ብዬ አልጠበቅኩም።

ሌላም አለ። ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበ አሸዋ አለ፣ ዓሣ የሚታይባቸው ገንዳዎች አሉ፣ የድሮ ሰዎች የሚዋኙበት ልብስ አለ (እናቴ "እንዲህ ነው እንጂ" ያለችው ይህን አይታ ነው)። ትልቁ ልጄ ከላንጋኖ አሸዋ ሊያመጣላቸው ቃል ገብቷል። መቼ እንደሚሄድ እንጃ።

ለምትሄዱ፣ ጥቂት ነገር ልበል። መክፈቻ ሰዓቱንና ዋጋውን ድረ ገጻቸው ላይ እዩ፣ በየወቅቱ ይለያያል። ትኬቱ ለቤተሰብ የሚከብድ አይደለም። ኢንሌቱ ጋ ያለው ፓርኪንግ ግን በሰመር ይከፈልበታል፣ በዝናብ ቀን ደግሞ ሁሉም እዚያው ነው የሚመጣው። ኮንዷችሁ ኮስታል ሃይዌይ (የከተማው ዋና መንገድ) ላይ ከሆነ የከተማው አውቶቡስ ይሻላል። ልጆች ደግሞ አውቶቡሱን ራሱን እንደ መዝናኛ ነው የሚያዩት። ብዙ ሰው ሲገባ ቤቱ ይጠባል፣ ስለዚህ ጠዋት ሂዱ። ሠራተኛ ስታገኙ ዝም ብላችሁ አትለፉ፣ ጠይቁ። ጽሑፉን ብቻ እያነበባችሁ ከዞራችሁ ቶሎ ያልቃል።

ከሙዚየሙ ስትወጡ ዝናቡ ካላቆመ፣ ጥቂት ራመድ ብሎ ትሪምፐርስ የሚባል የመጫወቻ ስፍራ አለ። እዚያ ጣራ ሥር የሚሽከረከረው ካሮሴል የ1912 ነው። ከእንጨት የተቀረጹት እንስሳት ፈረስ ብቻ አይደሉም፣ ልጆች "እኔ ይሄኛው!" እያሉ ይጣሉበታል። ትራሸርስ ድንች ጥብስም እዚያው ቦርድዎኩ ላይ ነው። ከ1929 ጀምሮ ካቻፕ አይሰጡም፤ ጨውና አቼቶ ብቻ። የሚጠበሰው በለውዝ ዘይት ስለሆነ በፍልሰታ ለሄዳችሁ ጾመኞች ጥሩ ነው። ሚጥሚጣ ከቦርሳ የምታወጣ እናት ካለቻችሁ ደግሞ አቼቶውም አያስፈልግም።

የማታውን የእናቴን ብልሃትም ልንገራችሁ። የ12 እንቁላል ካርቶን ገበጣ ይወጣዋል። ክዳኑን ቆርጣ ጣለችና ልጆቹ ከለቀሙት ዛጎል በየጉድጓዱ አራት አራት አደረገች። እስከ መኝታ ሰዓት እሷን ማሸነፍ የቻለ የለም። ዛጎሉን ግን እጠቡት፤ ይሸታል።

ሴትየዋን ስንሰናበት በቂ አመሰገንኩ ብዬ አላስብም። ልጆቹ ይጎትቱኝ ነበር፣ ዣንጥላም ጠፍቶን ነበር። ስለዚህ እዚህ ልበለው፦ እናቴን ቁጭ ስላደረጓት፣ ልጄን ስላላስቸኮሏት፣ ለልጆቹ ጥያቄ ሁሉ መልስ ስለነበርዎት እግዜር ይስጥልኝ። አማርኛ እንደማያነቡ አውቃለሁ። የምትሄዱ ካላችሁ እናንተ ንገሩልኝ፤ "ነጠላ የለበሱት እናት ሰላም ብለዋል" በሏቸው፣ ያስታውሷታል።