ብዙ የሮጠችውን ኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ፣ ባትሪዋ ግን አፌን አስያዘኝ

ያገለገለች ኤሌክትሪክ መኪና ከገዛሁ ወራት አለፉ፣ እና ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ስለ ባትሪዋ። መቀመጫው ደህና ነው፣ ስፒከሩ ደህና ነው፣ ፍሬኑ ይይዛል፣ ስለነሱ የምለው የለኝም። ብራንዷንም አልጠራም፣ ማስታወቂያ የምሰራ እንዳይመስል።

ስገዛ ሁለት ነበር የቀረበልኝ። ሁለቱም አንድ ሞዴል፣ ሁለቱም የስድስት ዓመት፣ ቀለማቸው ብቻ ነው የሚለያየው። አንዷ ከ140 ሺህ ኪሎሜትር በላይ ሮጣለች፣ ሌላኛዋ 30 ሺህ እንኳን አልሞላችም። ሻጩ የመጀመሪያዋን ዞር ብሎም አላያትም። "ወንድሜ እሷን ተዋት፣ ይቺ እኮ ቆማ ነው የኖረችው፣ ባትሪዋ አልተነካም" ይለኛል። ቆማ ነው የኖረችው ሲል እኮ እያመሰገናት ነው! እኔ ደሞ የጠረጠርኩት ልክ እሱን ስሰማ ነው። ኦቢዲ ላይ፣ ማለትም የመኪናዋን ኮምፒውተር ማንበቢያ ሶኬት ላይ፣ የምትሰካዋን ትንሽ ዕቃ ይዤ ስለነበር ሁለቱንም በስልኬ አነበብኳቸው። የባትሪ ጤና፣ ማለትም አዲስ እያለ ይይዝ ከነበረው አሁን ስንት በመቶ እንደሚይዝ፣ ብዙ የሮጠችው 91፣ "ያልተነካችው" 83። ሻጩ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ አፑ ነው የተሳሳተው።

ብዙ የሮጠችውን ወሰድኩ። ያኔ ያልሳቀብኝ ሰው የለም።

ቁጥሩን እኔም ብሆን እንዳለ አላመንኩትም ነበር፣ ምክንያቱም የተለካ ሳይሆን የተገመተ ነው። ባትሪውን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር ከቮልቴጅ፣ ከከረንት፣ ከሙቀት ተነስቶ ነው የሚያሰላው፣ መኪናዋ ለረጅም ጊዜ መሃል መሃሉን ብቻ እየተሞላች ከተነዳች ደሞ ስሌቱ እየሳተ ይሄዳል። ስለዚህ ከተላመድን በኋላ ራሴ ለካሁት። እስከ 100 በመቶ ሞልቼ፣ ባዶ ልትሆን ጥቂት እስኪቀራት ነድቼ፣ ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደበላች ከዳሽቦርዱ አይቼ፣ ከተጠቀምኩት ፐርሰንት ጋር አስልቼ፣ አዲስ እያለች ከምትይዘው ጋር አስተያየሁት። 90 ምናምን ወጣ። በነገራችን ላይ ከግድግዳው ቆጣሪ ላይ የሚለኩ ሰዎች አሉ፣ እሱ ያታልላችኋል፣ ከግድግዳው የሚወጣው ሁሉ ባትሪው ጋ አይደርስም፣ 10 በመቶ አካባቢው በሙቀት መልክ መንገድ ላይ ይቀራል፣ እሱን ካልቀነሳችሁ ያረጀ ባትሪ ይዛችሁ ከአዲስ በላይ ነው ብላችሁ ደስ ይላችኋል።

ሻጩን በጭንቅላቴ ውስጥ እስካሁን እየተከራከርኩት ነው። ኪሎሜትሩን ብቻ እያየ ዋጋ የሚቆርጠው ሰውዬ የቤንዚን መኪና ነው በሀሳቡ ያለው። ሞተር ሲዞር ያልቃል፣ ካልዞረ ይተርፋል፣ እሺ። ባትሪ ግን ሁለት ዓይነት እርጅና ነው ያለው፣ አንዱ በመሙላትና በመጨረስ ብዛት የሚመጣው፣ ሁለተኛው ዝም ብሎ በጊዜ የሚመጣው። ሊቲየም አዮን ባትሪ ውስጥ ግራፋይቱ ላይ፣ ባትሪው ሲሞላ ሊቲየሙ የሚገባበት ካርቦን ላይ ማለት ነው፣ ስስ ሽፋን አለ፣ ባትሪው ገና መጀመሪያ ሲሞላ የሚፈጠር ነው፣ ያለሱ ባትሪው አይሰራም፣ ግን እያደር ይወፍራል፣ በወፈረ ቁጥር ሊቲየሙን እየቆነጠረ ይወስዳል፣ የተወሰደው ሊቲየም ደሞ ከዛ በኋላ ኃይል አይሸከምም። ይሄ ነገር መኪናዋ ብትነዳም ባትነዳም ይቀጥላል። የሚያፋጥኑት ዋናዎቹ ሁለት ናቸው፣ ሙቀት እና ሞልቶ መቀመጥ።

አሁን ያቺን "ያልተነካች" መኪና አስቧት። የቤቱ ሁለተኛ መኪና ነበረች፣ ይሄንን ሻጩ ራሱ ነው እየኮራ የነገረኝ፣ ሁሌ 100 ተሞልታ ደጅ ፀሐይ ላይ ትቆማለች፣ ድንገት ለጉዞ ብትፈለግ ዝግጁ እንድትሆን። ስድስት ዓመት ሙሉ! የኔዋ የቀድሞ ባለቤት ደሞ ስራው ራቅ ያለ ነበር፣ በየቀኑ ይነዳታል፣ ማታ ቤቱ በቀስታ ቻርጀር ይሰካታል፣ 80 ላይ እንድታቆም አድርጓታል፣ ጠዋት ይዟት ይወጣል፣ ሙሉ ሆና ፀሐይ ላይ የምትውልበት ጊዜ የለም ማለት ነው። ሰውየውን በስልክ አግኝቼው ነበር፣ ስለ ባትሪ ምንም የተለየ እውቀት የለውም፣ መመሪያው ላይ ያለውን ነው ያደረገው።

140 ሺህ የሚለው ቁጥር ነው ሰውን የሚያስደነግጠው። እስቲ እናስላው፣ አንዴ ሞልታ 350 ኪሎሜትር ትሄዳለች ብንል 140 ሺህ ማለት 400 ጊዜ ሞልቶ መጨረስ ነው። 400 ብቻ። የኔዋ ባትሪ ኤንኤምሲ የሚሉት ነው፣ ኒኬል ማንጋኒዝ ኮባልት፣ በወጉ ከተያዘ ከሺህ ዙር በላይ የሚሄድ ዓይነት። ኤልኤፍፒ የሚባለው፣ ብረትና ፎስፌት ያለበት፣ ከዛም በብዙ ይበልጣል። እንግዲህ የትኛዋ ናት "የተነካችው"?

አማካዩ ስንት ነው ለምትሉ፣ ጂኦታብ የሚባለው የመኪና ዳታ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ትንተና የባትሪ አቅም በዓመት 1.8 በመቶ ያህል ነው የሚቀንሰው ብሎ ነበር። በስድስት ዓመት ስታባዙት 11 ምናምን ይመጣል፣ 140 ሺህ የሮጠችው የኔዋ ልክ አማካዩ ላይ ናት፣ 30 ሺህ ያልሞላችው ናት ከአማካዩ በታች የወረደችው። ደሞ አቀናነሱ በየዓመቱ እኩል አይደለም፣ መጀመሪያ ላይ ቶሎ ይወርዳል ከዛ ቀስ ይላል፣ ስለዚህ አዲስ ገዝታችሁ በመጀመሪያው ዓመት 3 ወይም 4 በመቶ ጎደለ ብላችሁ እንቅልፍ አትጡ።

ሙቀት ምን እንደሚሰራ ማየት የሚፈልግ የመጀመሪያዋን ኒሳን ሊፍ ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ነው ለገበያ የወጣችው፣ ባትሪዋ በፈሳሽ አይቀዘቅዝም ነበር፣ በ2012 አሪዞና በረሃ ውስጥ የሚነዱ ሰዎች ዳሽቦርዳቸው ላይ ካሉት 12 የአቅም መስመሮች እየጠፉባቸው ጮኹ፣ ካምፓኒውም በኋላ የአቅም ዋስትና ለመጨመር ተገደደ። አብዛኞቹ የዛሬ መኪኖች በፈሳሽ ነው ባትሪያቸውን የሚያቀዘቅዙት። ያገለገለ ስትገዙ ኪሎሜትሩን ከመጠየቃችሁ በፊት እሱን ጠይቁ፣ ከዛ የት ቆማ እንደኖረች፣ ስንት ላይ እየተሞላች።

እግርህ ከባድ ነው፣ በኃይል እየረገጥክ ባትሪውን ትጎዳዋለህ ለሚሉኝም መልስ አለኝ። እኔ እረግጣለሁ፣ አልደብቅም፣ አረንጓዴ ሲበራ እንደዛ መወርወሯ ደስ ስለሚለኝ ነው፣ ጓደኛዬ አጠገቤ በተቀመጠ ቁጥር "ባትሪውን ገደልከው" ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ኔቸር ኢነርጂ ላይ ያወጡትን ላኩለት፣ 92 ባትሪዎችን ከሁለት ዓመት በላይ ፈትነው፣ አንዴ ረገጥ አንዴ ለቀቅ እንደሚደረግበት እውነተኛ አነዳድ የተሞከሩት፣ ያለማቋረጥ በአንድ መጠን ኃይል ከሚወጣባቸው እስከ 38 በመቶ የረዘመ ዕድሜ ነበራቸው። አንብቦ ዝም አለኝ። በእርግጥ ሰዓታት ሙሉ በከፍተኛ ፍጥነት መብረር ሌላ ነገር ነው፣ እሱ ብዙ ይበላል፣ ቶሎ ቶሎ ያስሞላል፣ ባትሪውንም ያሞቃል።

ፋስት ቻርጅ ላይ እጠነቀቃለሁ ግን አልፈራም፣ ረጅም መንገድ ስወጣ ብቻ ነው የምሰካት፣ 80 ስትደርስም እነቅላለሁ፣ ከዛ በኋላ ራሷ ፍጥነቱን ስለምትቀንስ ቆሞ መጠበቁ ትርፉ ድካም ነው። በጣም ቀዝቅዛ እያለች በፍጥነት መሙላት ግን እውነተኛ ጉዳት አለው፣ ሊቲየሙ ግራፋይቱ ውስጥ መግባት ሲያቅተው ላዩ ላይ ይለጠፋል፣ አዳዲሶቹ ለዛ ነው መጀመሪያ ባትሪውን የሚያሞቁት።

80 ላይ ማቆም የሚለውን ደሞ እንደ ህግ ለሁሉም የሚሰብኩ አሉ። ኤልኤፍፒ ያላችሁ የመኪናችሁን መመሪያ እዩ፣ ብዙዎቹ በየሳምንቱ አንዴ እስከ 100 ሙሉት ነው የሚሉት፣ የነሱ ቮልቴጅ መሃል ላይ ብዙም ስለማይለዋወጥ ኮምፒውተሩ ስንት እንደቀረ ይጠፋበታል፣ ሞልቶ ካላየ ቆጠራውን አያስተካክልም። 30 በመቶ ይላችሁና መንገድ ላይ ሊጥላችሁ ይችላል።

ይልቅ ያስቸገረችኝን ልንገራችሁ፣ ያቺ ትንሿ 12 ቮልት ባትሪ ናት። ትልቁ ባትሪ ሙሉ ኃይል ይዞ ቁጭ ብሎ እያለ በሯ እንኳን አልከፍት አለኝ፣ ምክንያቱም በሩንም ኮምፒውተሩንም የምታስነሳው ትንሿ ናት። ስለሷ አንድም ሻጭ አይናገርም። ቀየርኳት፣ አለቀ።

ዋስትናውን የሚጠይቁኝ አሉ። የተለመደው 8 ዓመት ወይም 160 ሺህ ኪሎሜትር ነው፣ ቀድሞ የሞላው፣ ከ70 በመቶ በታች ከወረደ። የኔዋ ኪሎሜትሩን ቶሎ ነው የምትጨርሰው፣ እና ምንም አልመሰለኝም፣ 70 እስክትደርስ ገና ብዙ ይቀራታል። ልሽጣት ብልስ ያው ሻጭ "ብዙ ሮጣለች" ብሎ ሊያራክሳት አይደል? አልሸጥም!

በቅርቡ ለተወሰኑ ሳምንታት ጉዞ አለኝ፣ 50 አካባቢ ላይ ጥላ ስር ትቻት ነው የምሄደው። ታናሽ ወንድሜ ቁልፉን ስሰጠው "ሞልቼ ላቆያት፣ ስትመጣ ዝግጁ ትሁን" አለኝ። ከፈለግክ ንዳት፣ እንደፈለግክ እርገጣት፣ ሞልተህ ግን እንዳታቆማት ብዬዋለሁ፣ እየሳቀብኝ ነው።