የገዛሁት ውሃ፦ ከሦስት ሳምንት የአገር ቤት ቆይታ

ሰው አገሩ ደርሶ ሲመለስ በርበሬና ሽሮ ይጭናል። እኔ ድንጋይ ነው የምጭነው። ሜሪላንድ ባለው ቤቴ ሳሎን ውስጥ የድንጋይ መደርደሪያ አለኝ። እህቴ "የቀበሌ ኮብልስቶን" ትለዋለች። ዘንድሮ አዲስ አበባ የገባሁት ለቤተሰብ ሰርግ ቢሆንም፣ በልቤ የያዝኩት ጉዳይ ሌላ ነበር። ኦፓል የሚባለውን የከበረ ድንጋይ፣ ጥሩ የወሎውን መግዛትና የጥንት ሰው መሣሪያ የተገኘበትን መልካ ቁንጡሬን ማየት። ያገኘሁትን አገልግሎት እንደገጠመኝ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ሱቁ። ድሮ ፒያሳ ወርቅ ቤቶቹ ጋ ሄዶ መጠየቅ ይበቃ ነበር። አሁን ሰፈሩ ብዙው ፈርሶ ነጋዴውም ተበታትኗል። የአክስቴ ልጅ ቦሌ አካባቢ ወዳለ አንድ ሱቅ ወሰደችኝ፤ ስሙ ይቅር። መስታወቱ ያበራል፣ ቡና ይቀርባል፣ ሻጩ ልጅ ትሁት ነው። "ለእርስዎ ብዬ ነው እንጂ ይሄን ለማንም አላሳይም" እያለ ጥሬ ኦፓል ከውሃ ብልቃጥ ውስጥ በወረንጦ ያወጣል። መብራት ስር ሲያገላብጠው አረንጓዴውና ብርቱካናማው ብልጭ ድርግም ይላል። አንዷን ወደድኳት። እንደረጠበች ሚዛን ላይ አስቀመጣት፣ 6.8 ግራም። በግራም አስልቶ አስከፈለኝ። በዚያው ሞቅታ አንድ ጥቁር፣ ተሠርቶ ያለቀ ድንጋይ ጨመርኩ። "የተፈጥሮ ጥቁር ነው፣ የእስታይሽ" አለኝ፤ እስታይሽ ወሎ ውስጥ ኦፓል የሚወጣበት ቦታ ነው። እኔም አመንኩት። አሥር ዓመት ድንጋይ ስሰበስብ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ቡናው ነው መሰለኝ ያዘናጋኝ።

በአራተኛው ቀን ድንጋይዋ ደረቀች። ያ ጥርት ያለ መልኳ ጠፍቶ እንደ አጓት ደፈረሰች። ከጎኗ እንደ ሸረሪት ድር የሚመስል ስንጥቅ ወጣ።

ዘመድ በዘመድ አፈላልጌ አንድ ድንጋይ ቆራጭ አገኘሁ። አንድ ግቢ ጓሮ ውስጥ ባለች ክፍል የሚሠሩ፣ የወሎ ደላንታ ሰው ናቸው። ጋሼ ልበላቸው። ድንጋዩን ተቀብለው ብዙ አልተናገሩም። መዘኑት፦ 6.2 ግራም። ከዚያ ብርጭቆ ውሃ አምጥተው ከተቱትና ሻይ ጠጣን። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ሲወጣ እንደገና ጥርት ብሏል። በጨርቅ አድርቀው መዘኑት። 6.8! ሳቃቸው መጣ።

"ልጄ፣ የገዛሽው ውሃ ነው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦፓል በዓይን የማይታዩ የሲሊካ (የአሸዋና የመስታወት ንጥረ ነገር) ቅንጣቶች በሥርዓት ተደርድረው የሠሩት ድንጋይ ነው። ብርሃን በቅንጣቶቹ መሀል ሲያልፍ ይሰባበርና ቀለሙ ይወጣል። የወሎው ኦፓል ደግሞ እንደ ስፖንጅ ውሃ ይጠጣል። ሲጠጣ ይጠራል፣ ክብደቱ ይጨምራል፣ በደንብ ሲጠግብ ቀለሙም ሊደበዝዝ ይችላል። ሲደርቅ ቀስ በቀስ ወደነበረበት ይመለሳል። ጠባዩ እንጂ ጉድለቱ አይደለም። ጉድለቱ እርጥቡን በግራም መሸጡ ላይ ነው። ድፍርሱና ስንጥቁም ውሃ ውስጥ ይሸሸጋል። ስለዚህ ጥሬ ኦፓል ስትገዙ ደረቁን አስመዝኑ። ቢቻል ከውሃ ከወጣ ሳምንት የሞላውን እዩ።

ጥቁሩን ደግሞ አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር አሳዩኝ። ጥቁረቱ እኩል አልተሰራጨም። ስንጥቆቹ ውስጥ ጥላሸት ተጠራቅሟል። አስፈቅደው ከጀርባው ጠርዙን ትንሽ ሞረዱት፤ ውስጡ ነጭ ነው። ጭስ የገባበት ነው ማለት ነው። በእርግጥ ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከእስታይሽ እውነተኛ ጥቁር ኦፓል ይወጣል፣ ጥቁር ሁሉ የውሸት አይደለም። ግን ሻጩ ስለ ጭስ ሲጠየቅ ፊቱን ካዞረ እናንተም እግራችሁን አዙሩ።

ጋሼ ስለ አገራቸው ሲያወሩ ሰዓቱ ይሄዳል። ደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ፣ ኦፓሉ የታወቀው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ዓለም የሚያውቀው የመዘዞውን፣ ቡናማውን የሸዋ ኦፓል ነበር። እሱ ቶሎ ስለሚሰነጠቅ ስሙ ብዙም አልተነሣም። የደላንታው የሚወጣው ከገደል ወገብ ላይ፣ ከስስ የእሳተ ገሞራ አመድ ንጣፍ ውስጥ ነው። ያን አምባ የሠራው እሳተ ገሞራ የፈነዳው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ቆፋሪዎቹ በጠባብ ዋሻ ተኝተው እየተሳቡ ይገባሉ። ዋሻው የተደረመሰባቸውም ብዙ ናቸው። ይህን ሲነግሩኝ ጋሼ ድንጋዩን በእጃቸው መዳፍ ላይ አስቀምጠው ያዩት ነበር። እኔም ከዚያ በኋላ ዋጋ መከራከር አልሆነልኝም።

ለእሳቸው የከፈልኩት ቦሌ ከበላሁት አንድ ምሳ አይበልጥም። እንከን አላቸው? አላቸው። ደረሰኝ የለም። "ማክሰኞ ይደርሳል" ያሉኝ ሥራ መብራት ጠፍቶ ለዓርብ ተላለፈ። ቢሆንም በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ የምሄደው እሳቸው ጋ ነው። ደረቅ ኦፓል በደረሰኝ ወደሚሸጥ ሌላ ሱቅ የመሩኝም እሳቸው ናቸው። እዚያ ሻጯ ራሷ ሳልጠይቃት "ውሃ አላየም" ብላ ሚዛኑን ወደ እኔ አዞረችልኝ። ወደ መጀመሪያው ሱቅ ተመልሼ ነበር። ትሁቱ ልጅ ደረሰኙ ግርጌ ያለችውን ጽሑፍ በጣቱ አሳየኝ፤ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም።

ወደ መልካ ቁንጡሬ ኮንትራት መኪና ይዤ ሄድኩ። በቡታጅራ መንገድ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ነው። ሹፌሩ ጨዋታ አዋቂ ነው፣ ብቻ የተስማማንበት ዋጋ ግማሽ መንገድ ላይ በ"ነዳጅ" ምክንያት አደገ። ዋጋውን በጽሑፍ ላኩለት፣ እኔ አልላኩም። ቦታው ግን! መልካ ቁንጡሬና አቅራቢያው ያለው ባልጪት በ2024 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍረዋል። በሣር የተከደኑ ክብ ጎጆዎች ውስጥ ከአዋሽ ዳርቻ የተገኙ የድንጋይ መሣሪያዎች ተደርድረዋል። አስጎብኚው ወጣት ባልጩት አስያዘኝ። ጥቁር መስታወት ነው፤ ፀሐይ ላይ ሲይዙት ስስ ጠርዙ ብርሃን ያሳልፋል። አውራ ጣቴን ሳስጠጋ "ኧረ ይቆርጣል!" ብሎ ጮኸ። የሚሊዮን ዓመት ስለት ነው ሲባል ተረት ይመስላል፤ ጣት ላይ ሲሆን ግን ተረት አይደለም። ከመሬት ስባሪ እንዳላነሣም አስጠነቀቀኝ። ልክ ነው። ጥንታዊ መሣሪያና ቅሪተ አካል ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው። እጄ እያሳከከኝ በኪሴ ከተትኩት። ባዶውን። ለአስጎብኚው ጉርሻ አትሰስቱ።

ብሔራዊ ሙዚየም ለድንቅነሽ ሲባል መሄድ ነው። የሚታየው ቅጂው ነው፣ ዋናው አጽም ተቆልፎበታል። መግለጫዎቹ ላይ ያለው መብራት ደካማ ስለሆነ መነጽራችሁን አትርሱ።

አየር ማረፊያ ላይ ሻንጣዬ ተከፈተ። ደረሰኞቼን ዘረጋሁ። ፈታሹ አንድ በአንድ አይቶ ደረቁን ኦፓል አለፈው፣ የተሰነጠቀችውንም አለፋት። ጥቁሩን በሁለት ጣቱ አንሥቶ ወደ መብራቱ አስጠጋና እንዲህ አለኝ፦

"እናቴ፣ ይሄ ደግሞ ከሰል ነው እንዴ?"