ኤር ጆርዳን 1፦ ከሜዳ ይልቅ ለመንገድ የሚሆን ጫማ

አሜሪካዊው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ማይክል ጆርዳን ማርች 8 ቀን 1998 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርኩ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ለጨዋታ ሲወጣ እግሩ ላይ የነበረው ለዚያ ዓመት የተሠራለት አዲስ ጫማ ሳይሆን፣ ገና ጀማሪ ሳለ ይጫማው የነበረው ኤር ጆርዳን 1 ነበር። 42 ነጥብ አስቆጥሮ ቡድኑ ቺካጎ ቡልስ የኒው ዮርኩን ቡድን ኒክስን አሸነፈ፤ ጫማውን ሲያወልቅ ግን እግሩ ደምቶ እንደነበር በኋላ ራሱ ተናግሯል። ስለዚህ ጫማ ከተሰጡት ምስክርነቶች ሁሉ ይህን የሚያህል ሐቀኛ አላገኘሁም፤ መስካሪው ጫማው በስሙ የተጠራለት ሰው ነውና።

የምገመግመው ባለ ረጅም አንገቱን፣ በ1985ቱ ቅርጽ እየተደገመ የሚሠራውን ዓይነት ነው። ሶሉ አንድ ወጥ ጎማ ሲሆን ዳርና ዳሩ እንደ ሳህን ከንፈር ወደ ላይ ተነሥቶ ከቆዳው ጋር በክር ተሰፍቷል፤ በዚህ ምክንያት በቀላሉ አይለቅም። ከፊተኛው የእግር ክፍል ሥር በክብ በክብ የተቀረጹት መስመሮች ተጫዋቹ በአንድ እግሩ ቆሞ እንዲዞር ታስበው የተሠሩ ናቸው፤ ዛሬም ቢሆን ወለሉን ደህና ይይዛሉ። ድክመቱ ያለው ከዚያ በላይ ነው። ናይክ የሚኮራበት የአየር ትራስ የተቀመጠው በተረከዙ ውስጥ ብቻ ሲሆን፣ ከፊት በኩል ያለው ከስስ ንጣፍና ከጎማ አያልፍም። ዘሎ የሚወርድ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መሬት የሚነካው በቅድሚያ በፊተኛው የእግሩ ክፍል ስለሆነ፣ ትራሱ ያለበት ቦታና ትራስ የሚያስፈልግበት ቦታ አይገናኙም። አንገቱም ቁርጭምጭሚትን ይሸፍናል እንጂ አጥብቆ አይደግፍም፤ በተለይ ቆዳው ከለሰለሰ በኋላ ክሩን እስከ ላይኛው ቀዳዳ ካላሰሩት ድጋፉ ከስም አያልፍም።

ይህን ሁሉ እንደ ነቀፋ ብቻ መቁጠር ግን የተሠራበትን ዘመን መርሳት ይሆናል። በ1984 ቡድኖች በየተራ አዳዲስ ተጫዋቾችን ሲመርጡ፣ ሂዩስተን ሃኪም ኦላጁዎንን፣ ፖርትላንድ ሳም ቦዊን ከመረጡ በኋላ በሦስተኛነት ለቺካጎ የደረሰው ይህ ወጣት ልቡ ያለው ከአዲዳስ ዘንድ ነበር፤ በዩኒቨርሲቲ ሳለ የተጫወተው በኮንቨርስ ጫማ ነው፤ ናይክ ደግሞ በዚያን ጊዜ ይበልጥ የሚታወቀው በሯጮች ጫማ ነበር። ፒተር ሙር የነደፈው ጫማ በ1985 በ65 ዶላር ለገበያ ሲቀርብ፣ አንድም የሻምፒዮና ዋንጫ ላላነሣ ተጫዋች እንዲህ ያለ ነገር መሥራት ድፍረት ነበር። የቀይና ጥቁሩ ጫማ በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ (ኤንቢኤ) መከልከልም ለማስታወቂያ በሚገባ ውሏል። ሊጉ ስለ ቀይና ጥቁር ጫማ ደብዳቤ መጻፉ እውነት ቢሆንም፣ የጫማ ታሪክ የሚከታተሉ ብዙዎች በወቅቱ ጆርዳን እግር ላይ የነበረው ኤር ሺፕ የተባለው ሌላ የናይክ ጫማ እንደሆነ ይናገራሉ። ስለዚህ አንድ ገዢ «የተከለከለውን ጫማ ገዛሁ» ብሎ ተጨማሪ ገንዘብ ባይከፍል መልካም ነው።

ጫማው በሜዳ ያሳለፈው ዕድሜ አጭር ሲሆን ክፉም ደግም አይቷል። ጆርዳን በሁለተኛው የውድድር ዘመኑ ሦስተኛ ጨዋታ ላይ የግራ እግሩ አጥንት ተሰብሮ 64 ጨዋታዎች አመለጡት። ጥፋቱን በጫማው ላይ ለመጣል የሚያበቃ ነገር የለኝም። ከተመለሰ በኋላ ኤፕሪል 20 ቀን 1986 በቦስተን ጋርደን፣ ሁለት ጊዜ ተጨማሪ ሰዓት በታየበት የጥሎ ማለፍ ጨዋታ በሴልቲክስ ላይ 63 ነጥብ አስቆጠረ፤ በአንድ የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ይህን ቁጥር ያለፈ እስከ ዛሬ የለም። ቺካጎ ግን 135 ለ131 ተሸነፈ። ጆርዳን ያነሣቸው ስድስቱ ዋንጫዎች፣ ስድስቱ የፍጻሜ ኮከብነት ሽልማቶች፣ በ1995–96 የውድድር ዘመን የተገኙት 72 ድሎች፣ ሁሉም የመጡት ይህ ጫማ ከእግሩ ከወረደ በኋላ ነው። ኤር ጆርዳን 1 የሚያስታውሰው እንግዲህ ዋንጫ የያዘውን ጆርዳን አይደለም፤ ብቻውን እየዘለለ ቡድኑ የሚሸነፍበትን ጎረምሳ እንጂ። እኔን ወደ ጫማው የሳበኝም ይኸው ነው።

ጆርዳን የመጀመሪያውን ጫማ እንዴት ይመለከተው እንደነበር ለመረዳት ሦስተኛውን ማየት ይበቃል። ቲንከር ሃትፊልድ የነደፈውና በ1988 የወጣው ኤር ጆርዳን 3 አንገቱ ዝቅ ያለ፣ ቆዳው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለስላሳ ነው፤ ይህንንም የጠየቀው ጆርዳን ራሱ ነበር። ባለቤቱ በመጀመሪያው ጫማ ቢረካ ኖሮ እንዲህ አጥብቆ አይጠይቅም ነበር። በ1998 ከማዲሰን ስኩዌር ጋርደኑ ጨዋታ ሦስት ወር በኋላ በፍጻሜው የዩታን ቡድን 87 ለ86 ያሸነፉበትን ያን የመጨረሻ ኳስ ሲያስቆጥር እግሩ ላይ የነበረው አሥራ አራተኛው ኤር ጆርዳን ነው።

ወደ መንገዱ ስንመጣ ፍርዴ ይለወጣል። በሜዳ ጉድለት የነበረው ዝቅተኛ ሶል ለሚራመድ ሰው ምቹ ነው፤ እግር ወደ ፊት አያዳልጥም፣ ሱሪም በላዩ በደንብ ይወርዳል። ቆዳው አዲስ ሲሆን ደረቅ ቢሆንም ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጣት በሚታጠፍበት ቦታ እጥፋት ያወጣል፤ ብዙዎች ይህን እጥፋት ይሸሹታል፣ እኔ ግን ጫማው የእኔ የሆነው ያን ጊዜ ይመስለኛል። በአንገቱ ላይ የታተመው ኳስ የታቀፈ ክንፍ ከኋለኛው የዝላይ ምስል ይልቅ ጨዋነት አለው። ስፋቱ መካከለኛ በመሆኑ ሰፊ እግር ያለው ሰው ግማሽ ቁጥር ከፍ ቢያደርግ ይመረጣል። አስመስለው የሚሠሩት እጅግ ስለ በዙ፣ ከግለሰብ የሚገዛ ሰው የስፌቱን እኩልነትና የክንፉን ሕትመት በእጁ ይዞ ሳያይ ገንዘቡን አይስጥ።

ዋጋው ዛሬ ከ65 ዶላር እጥፍ በላይ ነው፤ ለሚራመድበት ሰው አይበዛበትም። ሳምንት በሳምንት ቅርጫት ኳስ የሚጫወት ሰው ግን ከፊት በኩልም ትራስ ያለው ማንኛውንም አዲስ የሜዳ ጫማ በግማሽ ዋጋ ቢገዛ፣ ይህኛውን ደግሞ ወደ ሜዳው ሲሄድና ከሜዳው ሲመለስ ቢያደርገው እመክራለሁ።