የኪት ኪት፦ ሦስት ወር ከአንድ ጥቁር መኪና ጋር

በመጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ኪት «ናይት ራይደር» ላይ ያለው የሚናገረው ጥቁር መኪና ነው። ኪት ደግሞ ተቆራርጦ በካርቶን የሚመጣ፣ ገዢው ራሱ የሚገጥመው ሞዴል ነው። በእኛ ፊደል ሁለቱም አንድ ስለሆኑ ለባለቤቴ «የኪት ኪት መጣልኝ» ስላት ትኩሳት የያዘኝ መስሏት ግንባሬን ነካች።

ለማታውቁት፣ ድራማው በአሜሪካው ኤንቢሲ ቴሌቪዥን ጣቢያ ከ1982 እስከ 1986 የታየ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ዴቪድ ሃስልሆፍ ይነዳል፣ መኪናው ያወራል፣ አንዳንዴም ሹፌሩን ይቆጣል። ድምፁ የተዋናይ ዊልያም ዳንኤልስ ነው፤ ራሱ ስላልፈለገ ግን ስሙ ድራማው ላይ አይጻፍም ነበር። መኪናው የ1982 ፖንቲያክ ፋየርበርድ ትራንዛም ነው። እኔ ያየሁት ሰፈር ውስጥ በቪዲዮ ካሴት ነው። እንግሊዝኛው ባይገባንም አፍንጫው ላይ ወዲያ ወዲህ የምትሄደው ቀይ መብራት በደንብ ትገባን ነበር።

ሞዴሉ የጃፓን ሥሪት ነው፣ ልኩ 1/24፣ ማለትም ርዝመቱ ከእውነተኛው መኪና አንድ ሃያ አራተኛ ነው። የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ሲመጣ ይዞልኝ መጣ፤ ዋጋው 50 ዶላር ገደማ። ተገጥሞ ሲያልቅ ወደ 20 ሳንቲሜትር ይሆናል፣ ማለትም አንድ ስንዝር ያህል ነው። ካርቶኑ ውስጥ ቀለምም ሙጫም የለም። ይህ የፋብሪካው ጥፋት አይደለም፣ በዚህ ሙያ ልማዱ ነው፤ ግን ማንም አስቀድሞ አይነግራችሁም። መመሪያው በጃፓንኛ ቢሆንም ሥዕሉ በቂ ነው።

ጥሩውን ላስቀድም። የፊቱ ቅርጽ ልክ ነው። ብዙ ርካሽ ሞዴሎች ተራ ትራንዛም ጥቁር ቀብተው «ኪት» ይሉታል። የድራማው መኪና ግን አፍንጫው ለብቻው የተሠራ ነው፣ ረዘምና ሾጠጥ ያለ፣ እዚህ ላይ ያንን አልሳቱትም። የጎማ ኮፓዎቹም ለስላሳና ድቡልቡል ናቸው፣ እንደሚገባቸው። ክሩስኮቱ (ዳሽቦርዱ) ግን እውነት ለመናገር አፌን አስከፍቶኛል። መሪው ክብ ሳይሆን እንደ አውሮፕላን መሪ ላይኛው ክፍል የተቆረጠ ነው። የኔ ሞዴል የመጀመሪያው ምዕራፍ ስለሆነ ሁለት ትናንሽ ቴሌቪዥኖች አሉት፤ ኋላ በሦስተኛውና በአራተኛው ምዕራፍ አንድ ብቻ ቀርቷል። ቁልፎቹ ሁሉ በውኃ የሚለጠፉ ስቲከሮች ናቸው፣ ከስንዴ ፍሬ ያነሱ። በወረንጦ ይዤ አንዱን ለማስቀመጥ ትንፋሼን እይዝ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጭቅጭቅ አለ። ኪት ሲያወራ የሚበራው ቀይ መብራት መጀመሪያ ላይ አራት ማዕዘን ነገር ብልጭ ድርግም ሲል ነበር፤ ሁላችንም የምናስታውሳቸው ሦስቱ ቀጥ ያሉ መስመሮች የመጡት ቆይተው ነው። እኔ ሦስቱን አደረግሁ። ትክክለኛ መሆን የሚፈልግ ካሬዋን ያድርግ፣ እኔ የልጅነቴን መኪና ነው የምገጥመው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ኮፈኑ አይከፈትም፣ ሞተርም የለውም። የአሜሪካኖቹ 1/25 ሞዴሎች አብዛኛውን ጊዜ ሞተር አላቸው፣ ስለዚህ ያንን ለምዶ የመጣ ሰው ይከፋዋል። ከሁሉም የሚያናድደው ግን መብራቱ ነው። ሻጩ የለጠፈው ፎቶ ላይ ቀዩ መብራት ቦግ ብሎ ይታያል፣ ካርቶኑ ሲከፈት ግን አንዲት ቀይ ፕላስቲክ ብቻ። መብራቱ ለብቻው ነው የሚሸጠው፤ ይህ በጥቃቅን ፊደል ታች ተጽፎ ነበር፣ እኔም አላነበብኩም። የፊት መስታወቱም ጭረት ነበረበት።

ቀለሙ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። የሚረጭ ቀለም በአውሮፕላን ሻንጣ አይገባም፣ ስለዚህ ዘመድ ማስቸገር የለም። ሱማሌ ተራ ሄጄ የመኪና ጥቁር ቀለም ገዛሁና ሰፈራችን ያለው ጋራዥ ወሰድኩት። ቀለም ቀቢው ሞዴሉን አገላብጦ አየና «ጋሼ፣ ጥቁር ምንም አይደብቅም፣ ገላው ካልጸዳ ጥቁር አትቀባ» አለኝ። ለትልቁም ለትንሹም መኪና ሕጉ አንድ ነው ለካ። ደግነቱ መጀመሪያ የሞከርነው በትርፍ ፕላስቲክ ላይ ነበር፤ የጋራዥ ቲነር ይህን ዓይነት ፕላስቲክ ይበላል፣ ፊቱ ተሰነጣጥቆ እንደ ደረቀ ጭቃ ሆነ። መፍትሔው ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ ቀለም) በስሱ፣ ደጋግሞ፣ እያደረቁ መርጨት ነው። አንዴ አወፍራለሁ ያለ ሰው ሞዴሉን ይሰናበት። እንዲያም ሆኖ አቧራ ገብቶብኝ ሁለቴ አስለቅቄ በሦስተኛው ነው የተሳካልኝ። ከዚያ 2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውኃ፣ ከዚያ በኮምፓውንድ (ቀለም በሚያንጸባርቅ ቅባት) መወልወል። አሁን ፊቴን አይበታለሁ።

መብራቱን ያዳነኝ ሞባይል የሚጠግነው ጎረቤቴ ነው። «ናይት ራይደር ሰርኪት ነው እኮ!» አለኝ እየሳቀ። 555 እና 4017 የሚባሉ ሁለት ርካሽ ቺፖች አሉ፤ አንዱ ምቱን ይሰጣል፣ ሌላው በየተራ ያበራል፣ ስድስት መብራት ደርድሮ ጥቂት ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ዕቃ) ከጨመሩ ብርሃኑ ሄዶ ይመለሳል። ኤሌክትሮኒክስ የሚማሩ ልጆች ለልምምድ የሚሠሩት ነገር ሆኖ በድራማው ስም መጠራቱን ሰምቼ በጣም ነው ደስ ያለኝ። መብራቶቹን ያበየደልኝ እሱ ነው፤ ጤፍ በምታክል ነገር ላይ ሽቦ ሲያበይድ ያየ ሰው ስለ ጥገና ዋጋ አይከራከርም። ስናበራው ግን ቀዩ ብርሃን በአፍንጫው ብቻ ሳይሆን በፓራውልቱም በኮፈኑም አልፎ ታየ፣ ፕላስቲኩ ስስ ነዋ። ከውስጥ አሉሚኒየም ፎይል ለጥፌ በላዩ ጥቁር ቀባሁ፣ ተስተካከለ።

የራሴን ጥፋት አልደብቅም፤ የጎኑን መስታወት በሱፐር ግሉ ለጠፍኩ። በነጋታው መስታወቱ ጉም የለበሰ መስሎ ነጣ። የሙጫው ትነት ነው እንዲህ የሚያደርገው። ለመስታወት ሲደርቅ የሚጠራውን ነጭ ሙጫ ተጠቀሙ። እኔ የነጣውን ከግድግዳው በኩል አዙሬ አስቀምጫለሁ።

ይገዛ ወይ? ከዚህ በፊት ሁለት ሦስት ሞዴል ለገጠመ ሰው፣ አዎ፣ አስር ጊዜ። ለጀማሪ አልመክርም፤ ጥቁር ቀለምና መብራት አንድ ላይ ለመጀመሪያ ሥራ ይከብዳሉ። ቀይ ወይም ነጭ መኪና ይጀምር። ከአስር ስምንት እሰጠዋለሁ፣ ሁለቱን የቀነስኩት ለኮፈኑና ለመብራቱ ነው።

ቀጥሎ ካርን ልሠራ አስቤያለሁ፣ የኪትን ክፉ መንትያ። በ1984 ሲመለስ ከወገቡ በታች ብርማ ተቀብቶ፣ መብራቱም ወደ ቢጫ ተቀይሮ ነበር። ሞዴሉ ያው ነው፣ ቀለሙና መብራቱ ብቻ ይለያሉ። ጥቁሩ ቀለም ግማሽ ጣሳ ተርፎኛል፣ ጎረቤቴም ቢጫ መብራቶቹን ለይቶ አስቀምጦልኛል። የጎደለው ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ነው፤ የአክስቴ ልጅ አንድ ሻንጣ ሙሉ ቦታ የያዘበትን ካርቶን ገና አልረሳውም።