ለኮምቦልቻው መካኒካችን፣ ከመላው ቤተሰብ የቀረበ ምስጋና

መኪና ያላችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች፣ እባካችሁ ይህችን አንብቡልኝ። በተለይ በባቲ በኩል ወደ አፋር ለመውረድ ያሰባችሁ።

ኅዳር 2018 የአፋሩ እሳተ ገሞራ ሃይሊ ጉቢ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሕንድ ድረስ ከሄደ ወዲህ ልጆቼ እረፍት ነሱኝ። «የእሳተ ገሞራ አገር አሳዪን» ነው፣ ሌላ ወሬ የለም። እናቴ ደግሞ ከነሱ ባሰች። መኪናችን ግን ታማለች። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ዳገቱን ስትይዝ ትፈላለች። ውሃ እንሞላለን፣ ይጠፋል። የት እንደሚገባ አይታወቅም።

ያልዞርንበት ጋራዥ የለም። አንዱ ራዲያተር ቀይሩ አለን፣ ቀየርን። ሌላው የውሃ ፓምፕ ነው ብሎ ፈታታው። ገንዘባችንን በልተው መኪናዋን እንደነበረች መለሱልን። እኔን ግን ከገንዘቡ በላይ ያንገበገበኝ ሌላ ነው። እማዬ የምትቀመጠው ጋቢና ነው። «እግሬ ሥር ይረጥባል፣ ደሞ ጣፋጭ ጣፋጭ ይሸተኛል» አለቻቸው። አንዱ ፊቷን እንኳ ሳያይ «እማማ፣ እርስዎ አርፈው ይቀመጡ» አላት። ዝም አለች። ቤት እስክንገባ አልተናገረችም። ያደረ ቂም አለኝ፣ አልደብቅም።

በመጨረሻ የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ ኮምቦልቻ ወዳለው ወንድማችን ላከን። አላህ ይስጠው! ይሄ ሰው ኮፈን ለመክፈት አልተጣደፈም። መጀመሪያ ባለቤቴን ጠየቀ፣ ቀጥሎ እኔን። ከዚያ በጋቢናው መስኮት ጎንበስ አለና «እናቴ፣ እርስዎስ? ያዩት ነገር አለ?» አላት።

እማዬ እርጥበቱንም ሽታውንም ነገረችው። እስክትጨርስ ጠበቃት። ምንጣፉን ገለጠ፣ እጁን ሰደደ፣ ጣቱን አሸተተ። «እናቴ፣ ችግሩን እርስዎ አገኙልኝ» አላት። በቃ ይኸው ነበር! ውሃው በማሞቂያው በኩል ወደ ውስጥ ነበር የሚያፈስ። የትኛውን ቱቦ ከየትኛው እንዳገናኘ አልገባኝም፣ ባለቤቴ ይጠየቅ። እኔ የያዝኩት «አብሽሪ እህቴ፣ አፋር ማሞቂያ አያስፈልጋችሁም፣ ለጊዜው ዘግቼዋለሁ። ስትመለሱ ረጋ ብለን እንሠራዋለን» ያለኝን ነው። ራሱ አብሮን የደሴን ዳገት ወጣ፣ ቆመ፣ ምንጣፉን ዳበሰ። ደረቅ! የተቀበለን የእጁን ዋጋ ብቻ ነው። ያውም ለምነነው።

በማግስቱ ወረድን። ባቲ፣ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ሰመራ። ሙቀቱን አትጠይቁኝ፣ የመኪናዋ የሙቀት መለኪያ ቀስት ግን ከመሀል ንቅንቅ አላለም። ኤርታሌ ድረስ ለእማዬ ስለሚከብድ ከሰመራ አለፍ ብለን ቆምን። ዓይን እስከሚደርስ ጥቁር ድንጋይ ነው። ቀልጦ ፈስሶ የረጋ። ልጄ ለአያቱ መሬቱ ገና እየተላቀቀ መሆኑን ያስረዳታል። መስከረም 1998 እዚያው አፋር፣ ዳባሁ የሚባለው እሳተ ገሞራ አጠገብ በቀናት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተሰንጥቆ እንደነበር ነገራት። እማዬ ድንጋዩን በመዳፏ እየዳበሰች «ሱብሃነላህ» ትላለች። እዚያው ቆመን ስልክ ጠራ። መካኒኩ ነው። «ውሃው እንዴት ነው? እናቴስ ደህና ናቸው?» እማዬ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ ዱዓ አደረገችለት። እኔ ዕንባዬ መጣ።

ስንመለስ ቃሉን ጠብቆ ማሞቂያውን ሠራልን። ይኸው የደሴን ብርድ በሙቀት እንነዳለን።

ወገኖቼ፣ ገንዘባችሁን ከመበተናችሁ በፊት እሱ ጋ ሂዱ። ደግሜ እላለሁ፣ እሱ ጋ ሂዱ። ስሙንና ስልኩን በአደባባይ እንዳልጽፍ ለምኖኛል፤ የፈለገ ኢንቦክስ ያድርግልኝ፣ ወዲያው እልካለሁ። ዓርብ ከሆነ በጠዋት ድረሱ፣ ለጁምዓ ይዘጋል። መኪናዋ ውስጥ የሚቀመጠውን ሰው ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፣ ይጠይቃችኋል።