የዓባይ ፖሊሲ፦ ጥቅም ያስረዳዋል ወይስ ትርክት?

ኢትዮጵያ በዓባይ ላይ የያዘችውን አቋም በሁለት መንገድ ማስረዳት ይቻላል። የመጀመሪያው ጥቅምንና አቅምን ያስቀድማል። ለግድብ የሚሆነውን ሥፍራ የአሜሪካ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. ከ1956 እስከ 1964 በተካሄደው ጥናት ለይተውት ነበር፤ የመሠረት ድንጋዩ ግን የተቀመጠው በ2011 ነው። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለው ተረት በዚያ ሁሉ ዘመን ሳይለወጥ ስለኖረ፣ ግንባታው ለምን በዚያን ጊዜ እንደተጀመረ ሊነግረን አይችልም። ይህን የሚነግረን እያደገ የመጣው የኤሌክትሪክ ፍላጎት፣ ምናልባትም በዚያው ዓመት ግብፅን ያናወጠው አብዮት ነው።

ሁለተኛው መንገድ ባህልንና ትርክትን ያስቀድማል፤ በእኔ እምነት ጉልበቱ ጎልቶ የሚታየው ከውሳኔው በኋላ ነው። ስሙን ብቻ እንይ፦ በምሥጢር «ፕሮጀክት ኤክስ» ይባል የነበረው ሥራ «ሚሌኒየም»፣ ሳምንታት ሳይቆይም «ሕዳሴ» ተባለ። የመንግሥት ሠራተኛው ከደመወዙ እየተቆረጠ ቦንድ ሲገዛ (ሁሉም በፈቃዱ ነበር ማለት ባይቻልም) ስለ ሜጋዋት ከሰማው ይልቅ ይህ ስም ሳይቀርበው አይቀርም። ካይሮም በ1959 ከሱዳን ጋር በተፈራረመችው ስምምነት የያዘችውን በዓመት 55.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ «ታሪካዊ መብት» እያለች በመጥራቷ፣ የአሃዙን ክርክር የህልውና ክርክር አድርጋዋለች። ኢትዮጵያ በ2020 በዋሽንግተን የቀረበውን የግድቡን ሙሌትና አሠራር የሚመለከት የስምምነት ሰነድ አለመፈረሟን የጥቅም ስሌት በሚገባ ያስረዳዋል፤ ፊርማው በአገር ቤት ለምን እንደ ክህደት ይቆጠር እንደነበር ግን የሚያስረዳው ትርክቱ ነው።